ታሞ የቀረ ተማሪ ትምህርቱ ሊያመልጠው አይገባም

ትኩሳት ይዞት የቀረ ተማሪ ቤት ተኝቶ በስልኩ አስፈሪ ፊልም ሲያይ ከተገኘ «አሞት ሳይሆን ሰንፎ ነው» ለማለት የሚቸኩለው ብዙ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኙት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ግን እንዲህ ያለ ፍርድ ወባን ይዘነጋል። የወባ ትኩሳት መለስ ቀለስ ይላል፤ ረፋድ ላይ ፊልም ያየ ልጅ ማታ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በሽታው በብዛት የሚሠራጨውም ክረምቱ እንደወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ማለትም የዓመቱ ትምህርት መሠረት በሚጣልበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ወር ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። እንግዲህ ሊያሳስበን የሚገባው ፊልሙ ሳይሆን ያመለጠው ትምህርት ነው።

ትምህርት ቤቶች ታመው ለቀሩ ተማሪዎች የማካካሻ ክፍለ ጊዜና ፈተና በቋሚነት ሊይዙላቸው ይገባል። «ይህማ አስመሳዩን ያበረታታል» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ሆኖም የወባ ፈጣን ምርመራ ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለሚታወቅ የጤና ጣቢያ ማስረጃ መጠየቅ ይበቃል። «መምህራን ሥራ በዝቶባቸዋል» የሚለው የበለጠ ሚዛን ይደፋል። ቢሆንም በኮሮና ጊዜ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን መሰጠቱ፣ ሸክሙን ሁሉ በአንድ መምህር ላይ መጣል ግድ እንዳልሆነ አሳይቷል። አስፈሪ ፊልም የሕመምተኛን እንቅልፍ ሊያውክ መቻሉ እውነት ነው፤ እሱን መቆጣጠር የወላጅ ድርሻ ነው፤ ያመለጠውን ትምህርት ማካካስ ግን የትምህርት ቤት ግዴታ ነው።