ሎሚ የበለዘ ጥርስን አያነጣም፤ ይበላዋል



ከአዳማ፣ ከወንጂ፣ ከመቂና ከባቱ ወላጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የልጄ ጥርስ በልዟል፤ በሎሚ ባሸው ይነጣል?» መልሴ አጭር ነው፦ አይነጣም፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ለምን? የእንቁላል ቅርፊት አቸቶ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩ። አረፋ እያወጣ ይሟሟል። የኖራ ድንጋይም በአሲድ እንዲሁ ይሆናል። ጥርስም በካልሲየም የተሠራ ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፤ ልዩነቱ አረፋ ስለማያወጣ ጉዳቱ ወዲያው አይታያችሁም። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን (ኢናሜል) ፒኤች ከ5.5 ገደማ ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ ግን 2 አካባቢ ነው። ሽፋኑ ከሳሳ በኋላ ቀዝቃዛና ትኩስ ነገር ጥርስን ይጠዘጥዛል። የሄደው ሽፋን ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ብልዘቱም ላይ ላዩን የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ልጅ ቋሚ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በተለይ እስከ 8 ዓመቱ፣ ይህን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ ከአፈጣጠሩ ይበልዛል።

«ሐኪሞችስ አሲድ ይጠቀሙ የለ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ለቀላል ብልዘት ይጠቀማሉ። ነገር ግን ድዱን ሸፍነው፣ መጠኑን ለክተው፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ በየቀኑ ከማሸት ጋር አይገናኝም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ጭንቀታችንን ከሎሚው ወደ ውሃው እናዙር። ነገሩ ከመልክ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በወንጂ ሸዋ የስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ እንደታየው፣ ለብዙ ዓመታት የተጠጣ ከፍተኛ ፍሎራይድ አጥንትንም ይጎዳል፤ ጀርባን ያደርቃል፣ ያጎብጣል።

ስለዚህ፦

1. የምትጠጡት ውሃ ፍሎራይዱ ስንት እንደሆነ የውሃ አገልግሎታችሁን ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ይህ ቁጥር በየቦኖው ሊለጠፍ ይገባል ባይ ነኝ።

2. ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይከማቻል።

3. የተሻለው ውሃ ጥቂት ከሆነ ቅድሚያ ለሕፃናት ስጡ፤ የዱቄት ወተታቸውንም በእሱ በጥብጡ። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ አፍልታችሁ ተጠቀሙበት።

4. የጥርስ ሳሙና አትከልክሉ። ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስን ከአሲድ ይጠብቃል። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል በቂ ነው፤ ልጁ እንዲተፋው አስተምሩት።

5. ሎሚ ወይም ለስላሳ ከወሰዳችሁ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፤ ለመቦረሽ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

6. ብልዘቱ የሚያስጨንቅ ከሆነ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መፍትሔ አለው።

በመጨረሻም፣ ልጃችሁን «ስለማትቦርሽ ነው» እያላችሁ አታሸማቅቁት። አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ ጥፋት የለበትም፤ የጠጣው የተሰጠውን ውሃ ነው።

ለጎረቤትም አጋሩት።