የትኩሳት ቃል

አያቴ በሳንባ ምች ታመው ሐኪም ቤት በተኙ በሁለተኛው ሌሊት፣ ስታስታምማቸው ያደረችውን አክስቴን አፍጥጠው አዩና «ጉድጓዱን ከፍተሽ ማሽላዬን የሸጥሽ አንቺ ነሽ!» አሏት። ጉድጓዱ በ1977ቱ ረኀብ ባዶውን የቀረው የእህል ጉድጓዳቸው ነው፤ አክስቴ ያን ጊዜ ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች። ይሁንና በጎን አልጋ የነበሩት ሰሙ፤ ወሬውም ሰፈር ደረሰ። አያቴ ድነው ሲወጡ የተናገሩትን አላስታወሱም። አክስቴ ግን ዛሬም ቤታቸው ስትገባ ትሸማቀቃለች።

የታመመ ሰው የልቡን እውነት ያወጣል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም።

ይህ መቃዠት በሕክምናው ቋንቋ ዴሊሪየም ይባላል። እብደት አይደለም፤ መጃጀትም አይደለም። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ይመጣል፤ ረገብ ጠንከር ይላል፤ ሌሊት ይብሳል። ሳንባ በብግነት ሲቆጣ የሰውነት ዘቦች ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኞችን ይለቃሉ፤ መልእክቱ አንጎል ሲደርስ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ጠባቂ ህዋሳትም በተራቸው ይቆጣሉ። ያኔ ትኩረት ይበተናል፤ ጊዜና ቦታ ይደባለቃሉ።

በአረጋውያን ላይ ለምን ይበረታል? እነ ጄን ሺኖዛኪ በ2018 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መላምት ወደ ኤፒጄኔቲክስ ይመራል። ነገሩ ከፊደላችን ጠባይ ጋር ይመሳሰላል፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ መናገር፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖር ነው፤ ፊደሉ ግን አልተለወጠም። በዘረመል ላይ የሚለጠፉት ሜቲል የተባሉ ምልክቶች ብግነትን ከሚያዝዙት ዘረመሎች ላይ በዕድሜ ብዛት ከረገፉ፣ ዘረመሎቹ ልጓማቸው ይላላል፤ ትንሿ ትኩሳትም ትልቅ እሳት ታነሣለች። መላምቱ ገና በመፈተን ላይ ነው።

ግጥም የሚሞክር ሰው እዚህ ላይ ይታለላል። ረኀቡ በአያቴ ህዋስ ተጽፎ ኖሮ በትኩሳት አንደበት አወጣ ብዬ ስንኝ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድኩት። ረኀብ በሰውነት ላይ ምልክት መተዉ እውነት ነው። በ1944–45 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ረኀብ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ የሜቲል ምልክታቸው ከወንድም እህቶቻቸው ተለይቶ መገኘቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በእኛው በራያ ቆቦም ተመራማሪዎች በዚያ ክፉ ዘመን የተፀነሱትን ሰዎች ጤና አጥንተዋል። ምልክት ግን ትዝታ አይደለም። ማሽላውን ማን እንደሸጠው ሜቲል አያውቅም።

የምሠራው ባንክ ቤት ነው፤ ዕለቱን ለይቶ በማያውቅ ሰው ፊርማ ገንዘብ ብከፍል እጠየቃለሁ። ታዲያ ከገንዘብ የሚበልጠው የሰው ስም በትኩሳት ቃል እንዴት ይጠፋል?

አክስቴ ያን ሌሊት «እማዬ፣ እኔ እኮ ሕፃን ነበርኩ» እያለች ስትሟገት አነጋች። የሚሻለው ሙግት አልነበረም፤ «ቆቦ ነን፣ ሌሊት ነው፣ እኔ ልጅሽ ነኝ» ብሎ እጅ መያዝ ነበር። ሻሮን ኢኑዬና ባልደረቦቿ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ሕሙማንን በተከታተለ ጥናት፣ በተለመደው አያያዝ ከነበሩት 15 በመቶው ሲቃዡ፣ ልዩ እንክብካቤ ካገኙት ግን የቃዡት 9.9 በመቶ ብቻ ናቸው። እንክብካቤው ቀንና ቦታን ማስታወስ፣ እንቅልፍን መጠበቅ፣ ከአልጋ አንሥቶ ማንቀሳቀስ፣ ውሃ ማጠጣት፣ መስሚያና መነጽር ማቅረብ ነበር። በእኛ አገር ይህን ሁሉ የሚያደርግ አስታማሚ ቀድሞውንም አልጋው ሥር ተቀምጧል፤ የነገረው ሰው ግን የለም።

የአያቴ መነጽር ያን ሌሊት ቤት ቀርቶ ነበር።