ሪሞቱ እምቢ ሲል

በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን አገራችን ሲገባ ጣቢያው አንድ ብቻ ስለነበረ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ዛሬ ሐይቅ ከተማም ሆነ አምባሰል ዲሽ በተተከለበት ቤት አንድ ሪሞት ለቴሌቪዥኑ፣ ሌላ ለሪሲቨሩ ያስፈልጋል። አንዱ ሲበላሽ ዩኒቨርሳል የሚባለው ይገዛል።

እናቶች፣ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ፈትኑት። የእጅ ስልካችሁን የፊት ካሜራ ክፈቱና የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙራችሁ ቁልፉን ተጫኑ። በዓይን የማይታየው ብርሃን በስልኩ ላይ ብልጭ ካለ ሪሞቱ ይሠራል። ካላለ መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዩን ለውጡ።

አዲሱን ለማስለመድ፣ ቴሌቪዥኑን አብርታችሁ «ሴት» የሚለውን ቁልፍ (በእንግሊዝኛ ነው እንጂ እኛን ማለቱ አይደለም) መብራቱ እስኪበራ ያዙ። ከዚያ አብሮት ከሚመጣው ወረቀት የቴሌቪዥኑን ስም ፈልጋችሁ ቁጥሩን አስገቡ። አንዱ ቁጥር ካልሠራ ቀጣዩን ሞክሩ። ወረቀቱንም አትጣሉ፤ በአንዳንዱ ሪሞት ድንጋዩ ሲወጣ ቁጥሩ ይጠፋል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በአንዳንድ ትንንሽ ሪሞቶች ውስጥ ያለችው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ባትሪ ናት። ሕፃን ውጧት ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ልታቃጥል ትችላለች፤ አሮጌም ብትሆን ያው ናት። ስለዚህ ክዳኑ በብሎን የሚታሰረውን ምረጡ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ልጁ እየሳቀ ቢጫወትም፣ ለማስመለስ ሳትሞክሩ ወዲያው ራጅ ወዳለበት ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና እስኪነጋ አትጠብቁ።