በቴህራን የሚመረጠውና የሚወስነው

ኢራን ውስጥ የፕሬዚዳንት ምርጫ በተቃረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ለዘብተኛው ካሸነፈ ከምዕራባውያን ጋር ይታረቁ ይሆን?» እ.ኤ.አ. በ1997 ካታሚ፣ በ2013 ሩሃኒ፣ በ2024 ደግሞ ፔዜሽኪያን ሲመረጡ ተንታኙም ዲፕሎማቱም ይህንኑ ተስፋ አነገበ። ይህ ተስፋ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው።

ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ያነበበ ሰው እንዲህ ተስፋ ባላደረገ ነበር። አንቀጽ 110 የጦር ኃይሉን ጠቅላይ አዛዥነትም ሆነ የአገሪቱን አጠቃላይ ፖሊሲ የመወሰን ሥልጣን ለጠቅላይ መሪው ይሰጣል። ፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤቱን በሰብሳቢነት ይመራል፤ ውሳኔው ግን መሪው ካላጸደቀው አይጸናም። ልጓሙን ሌላ ሰው ለጨበጠው ፈረስ ጋላቢ መምረጥ ማለት ይኸው ነው።

ልጓሙ በማን እጅ እንዳለ በገሃድም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 የያኔው የሶሪያ ፕሬዚዳንት በሽር አል አሳድ ሳይታሰብ ቴህራን ገቡ። ከጠቅላይ መሪው ኻሚኒም ከፕሬዚዳንት ሩሃኒም ጋር ሲነጋገሩ የአብዮታዊ ዘቡ ጄኔራል ቃሲም ሶሌይማኒ ተገኝተዋል፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጃቫድ ዛሪፍ ግን የሉም። ዛሪፍ በዚያው ምሽት ሥራ መልቀቃቸውን በኢንስታግራም አስታወቁ። ጥያቄያቸው ውድቅ ተደርጎ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ኢራን ከኃያላን አገሮች ጋር የገባችውን የኒውክሌር ስምምነት የተደራደሩት፣ ዓለም የለዘብተኞቹ ፊት አድርጎ ያያቸው ሰው እኒህ ነበሩ።

የስምምነቱ አጀማመርም ቢሆን ድርድሩን ያስጀመሩት ለዘብተኞቹ ናቸው የሚለውን ተረክ ያፈርሳል። የአሜሪካና የኢራን ባለሥልጣናት ኦማን ውስጥ በምስጢር መገናኘት የጀመሩት በ2012 ነው። ያኔ ፕሬዚዳንቱ አክራሪው አሕመዲነጃድ ነበሩ! ሩሃኒ የመጡት በሩ ከላይ ከተከፈተ በኋላ ነው። ብቁ ተደራዳሪዎች አሰልፈው ነገሩን ዳር ማድረሳቸውን አልክድም፤ ይህ ግን የአስፈጻሚ ድርሻ ነው። ፔዜሽኪያንም በማርች 2025 ለፓርላማው የተናገሩት ግልጽ ነበር፤ እሳቸው ንግግር ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር፣ መሪው አንደራደርም ስላሉ ግን ጉዳዩ አበቃ። መሪው ሲፈቅዱ በሚቀጥለው ወር ድርድሩ ሙስካት ላይ ተጀመረ።

ተስፋው የምዕራቡንም ጥፋት ይሸፍናል። በ2001 መጨረሻ የካታሚ ዲፕሎማቶች በቦን የአፍጋኒስታን መንግሥት እንዲመሠረት አግዘው ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ጆርጅ ቡሽ ኢራንን ከ«ሰይጣናዊ ዘንግ» መደቧት። ተቆጣጣሪዎች ኢራን ግዴታዋን እየፈጸመች መሆኑን ደጋግመው ቢያረጋግጡም ትራምፕ በሜይ 2018 ከስምምነቱ ወጡ። ሁለቴም አገር ውስጥ የተዋረዱት ለዘብተኞቹ ናቸው፤ «አላልናችሁም?» የማለት ዕድል ያገኙት አክራሪዎቹ።

ዋሽንግተንና የአውሮፓ ከተሞች ቴህራን ማን ተመረጠ እያሉ ከሚጠብቁ፣ ለወሳኙ ምን እንደሚያቀርቡና ቃላቸው ከቀጣዩ የአሜሪካ ምርጫ ያልፍ እንደሆነ ይመልሱ። ኢራናውያን መራጮች ወሳኙ የሚመርጡት ሰው አለመሆኑን ቀድመው አውቀውታል፤ በጁን 2024 በመጀመሪያው ዙር ድምፅ የሰጠው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር።