ስለ ተባይ መርማሪዎችና ስለ ሹማምንት ፈንታ

ከየካ በላይ በእንጦጦ ተራራ የሚታየው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣ፣ ትውልዱም አውስትራሊያ መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው። ዛፉ እንዲያ ፈጥኖ የለማበት አንዱ ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ይኸውም በትውልድ አገሩ ይበሉት የነበሩት ነፍሳት አብረውት ስላልተሻገሩ ነው። በኋላ ዘመን የለጋ ቅርንጫፉን የሚያሳብጥ አንድ ደቃቅ ተርብ ከዚያው አገር ተነሥቶ ምሥራቅ አፍሪካ ደርሷል፤ ከባሕር ዛፍ ወገንም ቀዩን አብዝቶ ያጠቃል። እንግዲህ ተባይ ቢዘገይም መንገዱን አያጣም።

ይህን መንገድ በመመርመር ከደከሙት ከአገራችን ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ጸደቀ አባተ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳ ለሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክተርነት ድርሰት ስለ ቦሎቄ ዝንብ ነበር። ዝንቧ እጅግ ትንሽ ናት፤ ትሏ ግን በቡቃያው ግንድ ውስጥ ገብታ ተክሉን ታደርቀዋለች። እርሳቸውም መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ተባዩን የሚቋቋመውን ዘርና የአስተራረሱን ዘዴ አብረው መረመሩ። ኋላም የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትን በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል።

ለሹማምንት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋራ ያሳተሙት ጽሑፍ ይመስለኛል። የአፍሪካ ገበሬ በአንድ ማሳ ሁለትና ከዚያም በላይ እህል አቀላቅሎ ሲዘራ የተባይን ጠላቶች እንደሚያበዛ፣ ተባዩም በአብዛኛው እንዳይበዛ እንደሚያደርግ አስረድተዋል። ብዙ ዘመን የተማረ ሰው የገበሬውን ጥበብ ለመመስከር አላፈረም። እኛስ? ትል ታየ በተባለ ጊዜ ገበሬውን ሳንጠይቅ፣ መርማሪውንም ሳንጠራ መድኃኒት ይላክልን ብለን ደብዳቤ እንጽፋለን።

እ.ኤ.አ. በ2017 መጤው የአሜሪካ ተምች በበቆሎ ላይ በወረደ ጊዜ ትሉ በበቆሎው እንቡጥ ውስጥ ከተሸሸገ በኋላ የሚረጨው መድኃኒት በሚገባ አይደርስበትም ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ገበሬ ማልዶ ወጥቶ በእጁ ለቀመው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ካልተጀመረም ዋጋው ያንሳል። ስለዚህ የዘገየ ወሬ ከጥፋት ይቆጠራል፤ ይህም የወረዳው ሹም ፈንታ እንጂ የሊቁ አይደለም።

እንግዳ ነፍሳት የታየበት ወረዳ ቀበሌውን፣ ቀኑንና የተበላውን እህል ጽፎ፣ ትሉንም በአልኮል በተሞላ ጠርሙስ አድርጎ በቅርብ ወዳለው የምርምር ማዕከል ቶሎ ይላክ። በጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ የብዕር ቀለም በአልኮል ይለቃልና።