ዘር ከልጓም ይስባልን? ስለ ፀረ ማኅበራዊ ባሕርይና ስለ ዘረመል ድርሻ

መግቢያ

ባለፈው ዓመት ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ዘመዶቼ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን በጉዲፈቻ ለማሳደግ ወስነው ነበር። የሕፃኑ ወላጅ አባት በከባድ የአካል ጉዳት ወንጀል ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት እንደሚገኝ በተሰማ ጊዜ ግን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። አንድ አዛውንት «ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ፤ አንዲት እናት ደግሞ «የእባብ ልጅ እባብ» ሲሉ አጸኑላቸው። የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝና ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው «የአንተስ ትምህርት ምን ይላል?» አሉኝ። የሰጠሁት መልስ «ሁለቱም፣ ዘርም አስተዳደግም ድርሻ አላቸው» የሚል ነበር። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ለማንም የሚጠቅም አልነበረም። ባልና ሚስቱ ሕፃኑን ሳይወስዱት ቀሩ።

ይህ አጭር ጽሑፍ በዚያ ዕለት ልሰጠው ይገባኝ የነበረውን መልስ ያቀርባል። መከራከሪያዬም የሚከተለው ነው፦ ዘረመል በፀረ ማኅበራዊ ባሕርይ ላይ ያለው ተጽዕኖ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ እውነት የአንድን ሕፃን ዕጣ ለመወሰን የሚያስችል አይደለም።

የመንትዮች ጥናትና የ«ተወራሽነት» ትርጉም

ፀረ ማኅበራዊ ባሕርይ ሲባል የሌሎችን መብትና ደኅንነት በተደጋጋሚ የሚጥስ ጠባይን፣ ለምሳሌ ጠበኝነትን፣ ስርቆትንና ማጭበርበርን ያጠቃልላል። ተመራማሪዎች የዘርን ድርሻ ለመለካት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተመሳሳይ የሆኑ መንትዮችን ተመሳሳይ ካልሆኑት ጋር ማነጻጸር ነው። ሪ እና ዋልድማን እ.ኤ.አ. በ2002 የ51 የመንትዮችና የጉዲፈቻ ጥናቶችን ውጤት አጠቃለው ባወጡት ሥራ፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የፀረ ማኅበራዊ ባሕርይ ልዩነት 41 በመቶው ከዘረመል፣ 16 በመቶው ወንድማማቾች ከሚጋሩት አካባቢ፣ 43 በመቶው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ከሆነው አካባቢ ጋር እንደሚያያዝ ገምተዋል።

አብዛኛው አለመግባባት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። 41 በመቶ ማለት የአንድን ሰው ጠባይ 41 በመቶ ዘሩ ሠራው ማለት አይደለም። ተወራሽነት በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለን ልዩነት የሚገልጽ መለኪያ እንጂ የግለሰብ መለኪያ አይደለም። ልዩ ልዩ የጤፍ ዘር ተደባልቆ እኩል በለማ ማሳ ላይ ቢዘራ የቡቃያው ልዩነት በአመዛኙ ከዘሩ ይመጣል። ግማሹ በለምለም፣ ግማሹ በጭንጫ መሬት ላይ ቢዘራ ግን መሬቱ ከፍ ያለውን ድርሻ ይወስዳል። ዘሩ ሳይለወጥ ቁጥሩ ተለወጠ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ አገር የተገኘ የተወራሽነት ቁጥር የሕፃናት አስተዳደግ እጅግ በሚለያይበት ሌላ አገር እንዳለ ሊጠቀስ አይገባም።

ለዘመዶቼ ጥያቄ የቀረበው ማስረጃ

ለዘመዶቼ ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ሜድኒክና ባልደረቦቹ በዴንማርክ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ሥራ ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1947 በጉዲፈቻ የተሰጡ 14,427 ሰዎችን መዝገብ ይሸፍናል። ወላጆቻቸውም አሳዳጊዎቻቸውም ካልተፈረደባቸው ወንዶች መካከል 13.5 በመቶው በወንጀል ተፈርዶባቸዋል። አሳዳጊዎቻቸው ብቻ በተፈረደባቸው ላይ ቁጥሩ 14.7 በመቶ፣ ወላጆቻቸው ብቻ በተፈረደባቸው ላይ 20 በመቶ፣ ሁለቱም በተፈረደባቸው ላይ 24.5 በመቶ ሆኗል።

ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ንባብ የዘር ተጽዕኖ መኖሩ ይታያል፤ ከ13.5 ወደ 20 በመቶ የተደረገው ጭማሪ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በሁለተኛው ንባብ ግን ወላጆቻቸው ከተፈረደባቸውና አሳዳጊዎቻቸው ካልተፈረደባቸው ልጆች መካከል ከአምስቱ አራቱ ምንም ዓይነት ፍርድ እንዳልተመዘገበባቸው እንረዳለን። ከዚህም በላይ ግንኙነቱ የታየው በንብረት ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች ነው፤ በኃይል ድርጊት ወንጀሎች ግን ጉልህ ሆኖ አልተገኘም። ዘመዶቼን ያስፈራቸው ግን የአባትየው የኃይል ድርጊት ነበር።

«የጠበኝነት ዘረመል» ፍለጋ

የሕዝብን ጆሮ ይበልጥ የሳበው የአንድ ዘረመል ታሪክ ነው። ብሩነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ የኔዘርላንድስ ቤተሰብ ውስጥ መለስተኛ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ድንገተኛ ጠበኝነት የሚታይባቸው ወንዶች ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ኤ የተባለውን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል እንደተበላሸባቸው አረጋገጡ። ይህ ብልሽት እጅግ ብርቅ ነው፤ ብሩነር ራሱም «የጠበኝነት ዘረመል» የሚለውን አጠራር ተቃውሟል።

ካስፒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ የተወለዱ ወንዶችን ተከታትለው ያገኙት ውጤት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የዚህ ዘረመል ዝቅተኛ እንቅስቃሴ ያለው ዓይነት ኖሯቸው በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው ወንዶች ከቡድኑ 12 በመቶ ብቻ ቢሆኑም፣ ከኃይል ድርጊት ፍርዶች 44 በመቶው በእነርሱ ላይ የተላለፉ ነበሩ። ያው ዘረመል ኖሯቸው በደል ያልደረሰባቸው ግን ይህን ያህል አልተለዩም። ቫሶስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በርካታ ጥናቶችን አጠቃለው ሲመረምሩ ግን በተናጠል ከተጠኑት ዘረመሎች መካከል ከጠበኝነት ጋር ጠንካራ ግንኙነት ያለው አላገኙም። ዛሬ ያለው ግንዛቤ፣ እያንዳንዳቸው ኢምንት ተጽዕኖ ያላቸው እጅግ ብዙ ዘረመሎች በጋራ ይሠራሉ የሚል ነው።

ይህም ሆኖ በጣሊያን ትሪየስቴ ከተማ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የዘረመል ምርመራን ከግምት አስገብቶ በነፍስ ግድያ ከተፈረደበት ሰው ላይ የአንድ ዓመት እስራት ቀንሷል። ዛሬ ቅጣት ያቀለለ ማስረጃ ነገ «ይህ ሰው አይታረምም» ለማለት ሊውል እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ስለ ኃላፊነት ሲደነግግ የሚጠይቀው ተከሳሹ በድርጊቱ ጊዜ የመረዳትና ራሱን የመግዛት ችሎታ እንደነበረው ነው። ጥያቄው በዚሁ መጽናት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ምን ይደረግ?

አንዳንድ መምህራንና የትምህርት ባልደረቦቼ ስለ ዘረመልና ወንጀል አለመናገር ይሻላል ይላሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ ሰው በትውልዱ በሚፈረጅበት አገር «ዘር» የሚለው ቃል በቀላሉ መሣሪያ ይሆናል። ይሁን እንጂ እኛ ዝም ስንል ምሳሌያዊ አነጋገሩ ዝም አይልም። በዚያ የቤተ ዘመድ ስብሰባ ላይ ባዶውን ቦታ የሞላው «የእባብ ልጅ እባብ» ነበር።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በጉዲፈቻ ጉዳይ የሚያማክሩ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ከላይ የተጠቀሰውን ማስረጃ አውቀው በግልጽ ቋንቋ ለቤተሰብ ማስረዳት ይገባቸዋል። ሁለተኛ፣ እኛ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በጥቂት ሰዎች ናሙና አንድን ዘረመል ከወንጀል ጋር የማገናኘት ፈተና ይቅርብን። የዘርፉ ግኝቶች በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ዝርያ የተገኙ ናቸው፤ የዘረመል ብዝኀነቱ ከሁሉ በላቀው በአፍሪካ ሕዝብ ላይ እንዳሉ ሊተረጎሙ አይችሉም። ሦስተኛ፣ የዱኒዲኑ ጥናት የጠቆመንን በእጃችን ያለ ጉዳይ፣ ማለትም በሕፃናት ላይ የሚደርስን በደል መከላከልን፣ ቀዳሚ እናድርግ። ዘረመልን መለወጥ አንችልም፤ ዱላን ግን ማስቀረት እንችላለን።

ማጠቃለያ

ቋንቋችን «የእባብ ልጅ እባብ» ብቻ አይደለም የሚለው፤ «አስተዳደግ የበደለው» የሚልም አነጋገር አለው። ሳይንሱ ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ አያስገድድም። ሆኖም የሦስት ዓመት ሕፃን ከፊታችን ሲቀርብ ልናደርገው የምንችለው በሁለተኛው በኩል ብቻ ነው። ዘመዶቼ ዛሬ ቢጠይቁኝ መልሴ «ልጁን አሳድጉት» የሚል ይሆናል።