ያለ ምርመራ የሚዋጠው ኦሜፕራዞል፦ የጎንደር የጨጓራ ሕመም ሌላው ገጽታ

ጎንደር ውስጥ፣ አዲስ ዓለምም ይሁን ፒያሳ፣ መድኃኒት ቤት በር ላይ ትንሽ የቆመ ሰው «የጨጓራ ስጡኝ» የሚለውን ሳይሰማ አይሄድም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ኦሜፕራዞል ነው። መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም፤ አሲዱን ቀንሶ ቁስሉ እንዲድን ይረዳል። ጥፋቱ የቃጠሎው ምንጭ ሳይታወቅ ለወራት መዋጡ ነው።

ከምንጮቹ ዋነኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ215 የጨጓራ ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከ10 ሰው ከ8 በላይ በሚሆኑት ደም ውስጥ የባክቴሪያውን አሻራ አግኝቷል። የደም ምርመራ ግን የድሮውን ከአሁኑ አይለይም፤ የሰገራው ይሻላል። ኦሜፕራዞል የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት ካልተቋረጠ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል።

ባክቴሪያው ከተገኘ ኦሜፕራዞል ብቻውን አያጠፋውም። ከአሞክሳሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ ስለሚገባ፣ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሲዳከም ግማሹን ብቻ ገዝቶ የሚሄድ አለ። በአምስተኛው ቀን ሲሻለው የሚያቆምም አለ። ያልሞተው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ሁለተኛው ሕክምና ይከብዳል።

ለደጋው ሰው ደግሞ መንገዱም አለ። ኤንዶስኮፒ የታዘዘለት የደባርቅ ታማሚ ወደ 100 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ግን መንገዱ ነገ ክፍት ስለመሆኑ ዋስትና የለም። በዚህ ሁኔታ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በሚውጥ ሰው ላይ መፍረድ ይከብዳል።

ለወገብና ለጉልበት የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ራሳቸው ጨጓራ ያቆስላሉ። እናቶቻችን ጠዋት ዳይክሎፌናክ፣ ማታ ኦሜፕራዞል ሲውጡ ማየት እንግዳ አይደለም።

ረመዷን ላይ ኦሜፕራዞል የታዘዘለት ሰው ከሱሑር ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢወስደው ይሠራለታል፤ ከምግብ በኋላ ሲሆን ኃይሉ ይቀንሳል። ቁስሉ የሚደማበት ሰው ግን መጾሙን ከሐኪሙ ጋር ይምከር፤ ለታመመ ሰው ሸሪዓው ፈቃድ ሰጥቷል። ለወራት የወሰደም በአንዴ ሲያቆም አሲዱ ለጥቂት ሳምንታት በርትቶ ሊመለስ ስለሚችል፣ ቀስ በቀስ መቀነስን ይጠይቅ። ደም ያስታወከው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፤ የሚከሳና ምግብ አልወርድ የሚለውም ሳይውል ሳያድር ይታይ።